የአዴ ዲንቂቱ እጅ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴም አልነገርኩ፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩ። ስንቱን ጥቃቅን ኃጢአት ስዘረዝር ይቺን እየዘለልኩ ኖሬአለሁ። አንተ አንባቢ አታውቀኝም፤ ላንተ መናገር ሳይቀለኝ አይቀርም።

ነቀምቴ ውስጥ አንዲት የሙዚቃ ስቱዲዮ አለችኝ። ሙዚቃ ማቀናበር የጀመሩ ልጆች እየመጡ የትኛውን ፕሮግራም ኮምፒውተራቸው ላይ ቢጭኑ እንደሚሻል ይጠይቁኛል። «ለአሠራርህ የሚስማማህን ምረጥ» እላቸዋለሁ፣ እንደ አዋቂ ጉሮሮዬን ጠርጌ። ይህን ባልኩ ቁጥር አዴ ዲንቂቱ፣ እማማ ዲንቂቱ እንደ ማለት ነው፣ ፊቴ ላይ ድቅን ይሉብኛል።

ያኔ፣ በወጣትነታችን፣ ስቱዲዮዋ የእኔና የገመቹ ነበረች። ገመቹ አብሮ አደጌ ነው፤ ኪቦርድ ይጫወታል። አንድ ክፍል ነበረን፣ ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል ካርቶንና ስፖንጅ የለጠፍንባት፣ መሐሏን በመጋረጃ የከፈልናት። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ቀረጻ ይቆማል፤ የወለጋ ክረምት ደግሞ ለቀረጻ አያዝንም። ሊያስቀርጹ የሚመጡት ዘማሪዎች ግን አያቆሙም ነበር። ከዝናቡ ጋር እየተፎካከሩ ሲዘምሩ እኛም ሥራውን ትተን አብረን እናጨበጭባለን። እነዚያ ከሰዓት በኋላዎች እንዴት እንደሚናፍቁኝ!

ገመቹ የሚወደው ፕሮግራም ቀላል ነበር። ቀዩን ቁልፍ ትጫናለህ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይዘምራል፣ አለቀ። ታዲያ መብራት ሲጠፋ የተቀረጸው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። እኔ ከአዲስ አበባ በፍላሽ ያስመጣሁት ግን ራሱ እያስቀመጠ ይሄዳል። እያንዳንዱን ድምፅ በየራሱ መስመር ላይ ያኖራል፤ የሳተውን ወደ ቃናው፣ የዘገየውን ወደ ምቱ ጎትቶ ያስገባል። እኔ ደግሞ ሰው ሲያወራ እንኳ ካላረምኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ፕሮግራሙ ልክ ለእኔ የተሰፋ መሰለኝ። ገመቹ ቅር እያለው እሺ አለ።

አዴ ዲንቂቱ በዚያ ሰሞን ነው ከአርጆ የመጡት፣ ከቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ጋር። ባላቸው ታመው በተኙ ጊዜ የደረሱትን መዝሙር ሊያስቀርጹ ነበር። ሲመሩ አንድ ልማድ ነበራቸው። ከየስንኙ በፊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ያሳርፋሉ። ያ እጅ እስኪነሣ ድረስ ማንም አይገባም። አንዳንዴ ቶሎ ይነሣል፣ አንዳንዴ ይቆያል፤ ሲነሣ እሳቸው ይጀምራሉ፣ ሌላው ይቀበላል። ምቱን የሚይዘው ያ እጅ ነበር። ድምፃቸውም መጨረሻው ላይ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ዘመሩት፣ በቃ።

እነሱ ሲሄዱ እኔ ተቀመጥኩበት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሉታል ይህን ነው። ዝም ያሉባቸውን ቦታዎች ቆረጥኩ። የዘገዩትን ወደ ምቱ ጎተትኩ። የተንቀጠቀጠውን አቃናሁ። እኔ ነኝ ያደረግኩት፣ በዚህ እጄ። ያልተነካውን ዋናውን ድምፅ ከሥር በሌላ መስመር ዘግቼ ተውኩት፣ ከበሮና ጊታር ጨመርኩበት። ገመቹ ሰማውና «እሳቸውን የት አደረስካቸው?» አለኝ። ሳቅኩበት።

መዝሙሩ ከባጃጅ ባጃጅ፣ ከስልክ ስልክ ተዛመተ። ኡኬ ከተማ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ እንኳ ሰምቼዋለሁ። ስቱዲዮዋ ታወቀች፣ ወረፋ ሆነ። በጅብ ጅማት የተሠራ ክራር ቅኝቱ «እንብላው እንብላው» ነው ይባላል፤ የእኔም ጆሮ ከዚያ ሌላ ቅኝት መስማት ተወ።

ከዚያ ነቀምቴ ላይ ትልቅ ጉባኤ ሆነና አዴ ዲንቂቱ ተጋበዙ። የእሳቸውን ድምፅ አውጥቼ ሙዚቃውን ብቻ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ተከፈተ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። ሙዚቃው ጥሏቸው ሄደ። ማሽን እጅ አያይም። ሊደርሱበት ተጣደፉ፣ ቀደሙ፣ ዘገዩ። ሕዝቡ በባጃጅ የለመደውን ድምፅ እየጠበቀ ዝም ብሎ ያያቸዋል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ማይኩን ጎናቸው ለቆመችው ዘማሪ ሰጥተው ወረዱ።

በማግስቱ ስቱዲዮ መጡ። ገመቹ አልነበረም። መዝሙሩን እንድከፍትላቸው ጠየቁኝ፤ ከፈትኩላቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺ እኔ ነኝ?»

ጣቴ ማውሱ ላይ ነበር። የተዘጋውን መስመር አንድ ጊዜ ብነካው የራሳቸው ድምፅ ይወጣ ነበር። ያቺን ያበጀኋት እኔ ነኝ ለማለት ስንት ትንፋሽ ይፈጃል? ምን ፈራሁ? ሌላ ምንም አልፈራሁም፣ ስሜን ነው የፈራሁት። ወረፋ የያዘው ሰው ቢሰማስ ብዬ ነው።

«አዎ፣ አዴ። እርስዎ ነዎት» አልኳቸው።

«እንግዲያው ድምፄ ጥሎኝ ሄዷል» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፣ መርቀውኝ ወጡ። ዋሽቼ ተመረቅኩ።

ከዚያ ወዲያ መርተው አያውቁም። የሚለምናቸውን ሁሉ፣ ዋቃዮ፣ እግዚአብሔር፣ የሰጠኝን ጊዜ ጨርሻለሁ እያሉ ይመልሱ ነበር አሉ። ገመቹ ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው ከራሳቸው ከአዴ ሲሰማ አልተጣላኝም። ኪቦርዱን ጠቅልሎ ሄደ። ቢጣላኝ ይሻለኝ ነበር።

አዴ ዲንቂቱ ዘንድሮ አረፉ። አርጆ ለቀብራቸው ሄድኩ። በድምፅ ማጉያ ያንኑ መዝሙር ከፈቱት። ሕዝቡ የእሳቸው ባልሆነ ድምፅ አለቀሰላቸው፣ እኔም አብሬ አለቀስኩ። ልጃቸው እጄን ይዛ የእናቴን ድምፅ ስላቆየህልን እግዚአብሔር ይስጥልን አለችኝ። ምንም አይደል አልኳት። እንደገና ዋሸሁ።

ስመለስ የተዘጋውን መስመር ከፈትኩት፣ ለልጃቸው ገልብጬ ልወስድላት። እንደምወስድላት ለራሴ ምያለሁ፤ ይቅርታዬን ግን የሚቀበለኝ ሰው አፈር ገብቷል። ፕሮግራሙ ነው ያሳሳተኝም አልልም። ለምን እንደማልል ልንገርህ።

ድምፃቸው መጣ። ዝም ይላሉ፣ እጃቸው ደረታቸው ላይ እንደሆነ ይታወቀኛል፣ ከዚያ ይገባሉ። ቆርቆሮው ላይ ካፊያ ሲጀምር ይሰማል። መዝሙሩ ያልቃል። እኔ ካበጀሁት ላይ ቆርጬ የጣልኩት፣ ጭራሽ የረሳሁት ቁራጭ ከዚያ በኋላ አለ። አዴ ዲንቂቱ ወደ መጋረጃው ዞረው፣ «ጋሪዳ? ጥሩ ነው? ወይስ ልድገመው?» ይላሉ። ከመጋረጃው ጀርባ የእኔው የወጣትነት ድምፅ ይመልሳል፦

«በጣም ጥሩ ነው፣ አዴ። ምንም አይነካበትም።»