ዘጠነኛው በር

ልብስ ሰፊዋ ክፍሏን ከተከራየች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሽማግሌ አከራይዋን ግን አንድም ቀን ቁጭ ብለው አይታቸው አታውቅም። የግቢውን ዘጠኝ ክፍሎች በገዛ እጃቸው፣ ብሎኬት በብሎኬት ላይ እየደረደሩ ነው የሠሯቸው። ዛሬም ቧንቧ ሲያንጠባጥብ፣ ጉልበቱ የተጣፈ ቱታቸውን ለብሰው ከች ይላሉ።

«አባባ፣ ትንሽ እንኳ አረፍ ይበሉ» ስትላቸው፣

«ቤትም ጸሎትም ችላ ካሉት ያፈሳል፣ ልጄ» ብለው ውልቅ ነው።

ጎህ ሲቀድ በየደጁ እየቆሙ፣ መዳፋቸውን በሩ ላይ አሳርፈው ይጸልያሉ። «የነርሷን እጅ ባርክ። የሾፌሩን መንገድ ጠብቅ። የዚችን ልብስ ሰፊ ዓይን አደራ።» ስምንቱን በር እንዲህ ያዳርሳሉ። ዘጠነኛው፣ ከሁሉም ጠባቡ፣ የራሳቸው ነው፤ እሱን ዝም ብለው ከፍተው ይገባሉ።

ዛሬ ጠዋት ቆርቆሮ ሊገዙ እንደወጡ፣ ልብስ ሰፊዋ ሄዳ መዳፏን ዘጠነኛው በር ላይ አሳረፈች። ምን ብላ እንደምትለምንላቸው ግን ጠፋት። ሰባት ዓመት ሙሉ አብራቸው ስትኖር፣ ምን እንደሚጎድላቸው ጠይቃቸው አታውቅም።