ከቃሉ በፊት የተበላ ዓሣ

ክለባችን በተሸጠ ሰሞን፣ ፋሲሎ ሰፈር የምሠራበት ጁስ ቤት ሸንጎ ሆኖ ነበር። መፍጫው ሲጮህ ደጋፊዎቹም ከሱ በላይ ይጮሃሉ፤ ድንገት ሳጠፋው የመጨረሻዋ ቃል ብቻዋን ቤቱን ትሞላዋለች። «...ሌባ!» ወይም «...ሜዳውን ነው!» ለማንጎ የገባ እንግዳ ሰው ይደነግጣል።

ትልቅ ክለብ እንዳይመስላችሁ። ቴሌቪዥን የማያሳየው፣ ታችኛው ሊግ ላይ የሚንገዳገድ የፋብሪካ ክለብ ነው። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው ፋብሪካ ቦይለር ላይ ሠርተዋል፤ እኔም ኳስ ማየት የጀመርሁት በእሳቸው ትከሻ ላይ ሆኜ ነው። ፋብሪካውን አንድ ኩባንያ ሲገዛው ክለቡም አብሮ ሄደ፤ ላም ስትሸጥ ጥጃዋ እንደምትከተል። የድሮው ቦርድ ፈረሰ። ደጋፊውን ወክሎ ይቀመጥ የነበረው ሰው እንኳ «እናመሰግናለን» ተብሎ ተሸኘ። አዲስ ሰብሳቢ መጣ፤ ነጭ መኪና፣ ለስላሳ ድምፅ፣ ሁሉንም «ወንድሜ» የሚል።

እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ሊወስድ መጣ?» ብዬ ነው። መልሱም ሩቅ አልነበረም። ክለቡ ያለው ሀብት አንድ ነው፤ የልምምድ ሜዳው። ሜዳው ጣና ዳር፣ ደንገሉ ጥግ ነው። በግራ መስመር በኩል በኃይል የተመታ ኳስ ውኃ ውስጥ ይገባል፤ ታንኳ ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ በመቅዘፊያው እየገፋ ይመልሰዋል። አንዳንዴ ጉማሬ ሌሊት ወጥቶ የግብ ክልሉን ግጦ ያድራል፤ ተጫዋቾቹ ጠዋት ፋንድያውን ጠርገው ይጀምራሉ። ሆቴል ለሚያስብ ሰው ግን ያ ሜዳ አይደለም፤ ውኃ ዳር የተዘረጋ፣ ዛፍ መቁረጥ እንኳ የማያስፈልገው ባዶ ቦታ ነው። አንድ ቀን ጠዋት የማዕዘን ባንዲራው በሚተከልበት ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ቆሞ አየሁ። ነቅዬ ወረወርሁት። በማግስቱ ተመልሶ ቆሟል።

«ሰውየው ኳስ አይወድም» አለ ባለ ከበሮው። ባለ ከበሮው የምለው ቀን ቀን ባጃጅ የሚነዳ፣ በጨዋታ ቀን ከበሮአችንን የሚመታ፣ ራሱን በራሱ የደጋፊው አለቃ አድርጎ የሾመ ልጅ ነው። «ባለፈው አየሁት። ጎል ሲገባ ሰዓቱን ያያል።»

«ስንት ደቂቃ እንደቀረ ሊያይ ይሆናላ» አለው አንዱ።

«እኛ አግብተን? ፋራ አትሁን! ነቄ በል!»

እሱ የፈለገው በሚቀጥለው ጨዋታ ሁላችንም ለሜዳው ጀርባችንን ሰጥተን እንድንቆም ነበር። ትልልቆቹ እምቢ አሉ። ጀርባ መስጠት ስድብ ነው፤ የሰደብኸው ሰው ቃል አይሰጥህም። ይልቅ ሽማግሌ ይላክ ተባለ። ሰብሳቢው በሐሙሲት በኩል ገጠር ተወልዶ ያደገ ነው፤ ሽማግሌ ደጁ ቆሞበት እምቢ ሊል አይችልም።

ሦስት ሰው ተመረጠ። አባቴ፣ አንድ መሪጌታ፣ አንድ ጡረተኛ ወታደር። ሥርዓቱን ማንም ያውቀዋል። ለጉዳይ የሄደ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም። ከቀመሰ አለቀ፤ የሰው እህል አፉ ውስጥ ይዞ ማንን ይሞግታል? ቀኑም ሆን ተብሎ ረቡዕ ተደረገ። የጾም ቀን ስለሆነ «ብሉልኝ» ብሎ የሚያስጨንቃቸው አይኖርም። ይህን ብልሃት ያመጡት አባቴ ናቸው፤ ኮርተውበትም ነበር።

ባለ ከበሮው በባጃጁ ሐይቁ ዳር ወዳለው የሰብሳቢው ቤት ወሰዳቸው፤ በር ላይ ቆሞም ጠበቃቸው።

«ቃል ሰጥቶናል» አሉ አባቴ ሲመለሱ። «‹ሜዳውን አልነካም› ብሏል።» ጁስ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ባለ ከበሮው ብቻ አላጨበጨበም።

እኔም ሌላ ነገር አየሁ። አባቴ ከሄዱበት ሲመለሱ ወሬያቸው አያልቅም፤ ለቅሶ ቤት ውለው እንኳ ማን ምን ለብሶ እንደመጣ ይነግሩናል። ያን ቀን ግን ያቺን አንዲት ነገር ተናግረው ዝም። ሹም አቦ ሰፈር ካለው ቤታችን ገብተን እናቴ ሽሮ አቀረበች። ላስታጥባቸው ጎንበስ ስል እጃቸው ሎሚ ሎሚ ሸተተኝ።

«ጠግቤያለሁ» አሉ።

ከየት ጠገቡ? በጾም ቀን፣ ከሽምግልና ተመልሰው?

በማግስቱ ባለ ከበሮው መፍጫው እስኪጠፋ እንኳ አልጠበቀም። «ዓሣ ተጠብሷል!» አለኝ በጆሮዬ። «በር ላይ ቆሜ መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ቀጥሎ ድመት የዓሣ ራስ ይዛ በበሩ ሥር ሾልካ ወጣች። መጨረሻ ላይ አባትሽ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ብቅ አሉ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ሜዳው የሚጠይቅ ጠፋ፤ ነገሩ ሁሉ ዓሣ ሆነ። ከቃሉ በኋላ ከበሉ ደግ፤ እርቅ ወርዶ አብሮ መብላት ያለ ነው። ከቃሉ በፊት ከበሉ ግን ሽማግሌ ሳይሆኑ እንግዳ ሆነው ነው የተመለሱ።

«ዓሣ እሾህ አለው» ይላል አንዱ። «እሾህ የሚለቅም ሰው ሳህኑን እንጂ የሰው ዓይን አያይም። ቃል ደግሞ ዓይን ዓይን እያዩ ነው የሚቀበሉት።»

«ቃሉን ሰጥቶ ከሆነስ የጋበዛቸው?»

«ሽታው ቀደመ እኮ ነው የሚልህ!»

«መጥበስ ሌላ፣ መብላት ሌላ!»

መሪጌታ ተጠየቁ። «እኔ አልቀመስሁም። ዓሣም ቢሆን ደም አለው፤ በጾም አልበላም» አሉ። ሌሎቹስ? «ስለ ራሴ ተጠየቅሁ፣ ስለ ራሴ መለስሁ።» ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ? ጡረተኛው ወታደር ደግሞ በዚያው ሰሞን ልጃቸውን ሊጠይቁ ወደ ጎንደር ሄዱ።

«ለምን ሸሹ?» አለ ባለ ከበሮው።

«ልጃቸው ወልዳ ነው» አልሁት።

«አሁን ነው የምትወልድ?»

ስቄበታለሁ። ቤት ስደርስ ግን ሳቄ አለቀ። አባቴ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ፤ አጠገባቸው ቆምሁ።

«አባየ፣ ዓሣውን የበሉት ከቃሉ በፊት ነው በኋላ?»

«አንቺ!» አለች እናቴ ከውስጥ። «አባትሽን እንደ መርማሪ ነው የምትጠይቂ?»

አባቴ ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉት። «ቆመን ነበር» አሉ። «‹ተቀመጡ› አለ፣ አልተቀመጥንም። ከዚያ አንዲት አሮጊት በምርኩዝ ወጡ። ‹እናቴ ናት› አለን። ‹በልጄ ቤት ሰው ቆሞ አይውልም፤ እናንተ ካልተቀመጣችሁ እኔም አልቀመጥ› ብለው ቆሙ። እግራቸው ይንቀጠቀጣል። ምን ላድርግ? ተቀመጥን። ዓሣውን አመጡ፤ ‹ይህ የጾም ነው፣ እኔ ከሐይቅ ዳር ያደግሁ ነኝ› ብለው በእጃቸው አጎረሱኝ። የእናት ጉርሻ እንዴት እመልሳለሁ?»

«ስለዚህ በፊት ነው።»

«በፊት ነው። ቃሉን ግን ሰጥቷል! እኔ አፌን ሳልከፍት፣ ሳልለምነው ራሱ ነው ያነሣው።»

እሳቸው ይህን የተናገሩት ልቤን ሊያሳርፉ ነው። እኔን ግን የባሰ ያስጠረጠረኝ ይኸው ነው። ሳይለመን የሚሰጥ ሰው የሚሰጠው ነገር የሱ አይደለም።

በማግስቱ ጁስ ቤት የሰማሁትን እንዳለ ተናገርሁ። ከኔ ካልሰሙት ከሌላ ሰው ተጣሞ ይሰሙታል ብዬ ነው። ባለ ከበሮው አገጩን ያዘ።

«እናትየዋስ የሱ ናት?»

«ምን ማለትህ ነው?»

«በዚያ በር ስንት ጊዜ ሰው አመላልሻለሁ። አሮጊት አይቼ አላውቅም።»

እናት ተከራየ ማለቱ ነው! ሰው ሳቀ፤ እየሳቀም አመነ። እኔም «እብድ» ብዬው ሳበቃ፣ ማታ ራት ላይ አባቴን «መልካቸው ይመሳሰል ነበር?» ስል ራሴን ሰማሁት። አባቴ ጉርሻቸውን ሳህኑ ላይ መልሰው ተነሡ።

በቀጣዩ ጨዋታ አባቴ እንደ ልማዳቸው ስታዲየሙ ታችኛው ደረጃ ላይ፣ ስንት ዓመት የተቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጡ። ከላይ አንዱ «ጋሼ፣ እሾህ ይጠንቀቁ!» ብሎ ጮኸ። ደረጃው በሙሉ ሳቀ። እስከ መጨረሻው ዞረው አላዩም፤ ስናገባም አላጨበጨቡም። ከዚያ ወዲያ ስታዲየም መምጣት ተዉ። በጨዋታ ቀን ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ሬዲዮ ይከፍታሉ፤ የኛን ጨዋታ የሚያስተላልፍ ሬዲዮ ግን የለም።

ብዙም ሳይቆይ ኩባንያው ሰብሳቢውን ወደ ሌላ ሥራ አዛወረው። ሐሜት አይደለም፣ ማስታወቂያ ተለጠፈ። በምትኩ ከአዲስ አበባ አንድ ወጣት ተሾመ። ከቃሉ ወዲያ ተነቅሎ የነበረው ችካል ተመለሰ፤ አሁን ብቻውን አይደለም፣ ጓደኞች አግኝቶ በገመድ ተያይዟል። «የቃሉስ ነገር?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ አዲሱ ሰብሳቢ «የቀድሞው ሰብሳቢ የተናገሩት የግል አስተያየታቸው ነው» አለ። ባለ ከበሮው የቀድሞውን ሰብሳቢ ሐሙሲት ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እንዳየው ማለ።

«ምን ያደርጋል?» አልነው።

«ሻይ ይጠጣል። ይስቃል።»

«ምን ያስቀዋል?»

«እኛ ነና!»

ያን ጊዜ ነው ሞኝነታችን የታየኝ። ዓሣው በፊት ነው በኋላ ስንባባል የከረምነው በከንቱ ነው። ሽማግሌ የላክነው ለአንድ ሰው ነበር፤ ሜዳውን የያዘው ግን ኩባንያ ነው። ኩባንያ ሽማግሌ የሚቆምበት ደጅ የለውም፤ እርግማን አይፈራም፤ ቃል የሰጠለትን ሰው አንሥቶ ሌላ ያስቀምጣል። ሰውየው መጀመሪያውኑ ቃል ሰጥቶ እንዲሄድ የተቀመጠ ይመስለኛል። ማስረጃ የለኝም። ዛሬም ይመስለኛል።

እንደገና ስብሰባ ተጠራ። አባቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ጁስ ቤት ገቡ። ወሬው ቆመ፤ ወንበር የሚለቅላቸው አጡ፤ ቆመው ተናገሩ።

«ከቃሉ በፊት በልቻለሁ። ይኸው በአፌ ተናገርሁ። ስለዚህ እኔ ሁለተኛ አልሄድም። እሷ ትሂድ» አሉና በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

«ሴት ሽማግሌ?» አለ አንዱ።

«ሽማግሌ መቼ አልሁ? የምትፈልጉት ማንንም የማያምን ሰው ነው። እሷ እኔን አባቷን እንኳ አላመነችም።»

ቤቱ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ሙገሳ ይሁን ብድር መመለስ እስካሁን አልገባኝም።

ከባለ ከበሮው ጋር ወደ ክለቡ ቢሮ ሄድሁ። አዲሱ ሰብሳቢ በዕድሜ ብዙም አይበልጠንም። «ምን ይምጣላችሁ?» አለ። «ምንም» አልሁ። ሁለት ለስላሳ ተከፍቶ መጣ። ሙቀቱ ጉሮሮ ያደርቅ ነበር፤ ጠርሙሱ አልቦት ጠረጴዛውን ያረጥበዋል። ባለ ከበሮው ከጠርሙሱ ላይ ዓይኑን አልነቅል አለ። ወንበር ቢሰጠንም ሁለታችንም አልተቀመጥንም።

«ቃል የመስጠት ሥልጣን የለኝም» አለ ሰብሳቢው። «ለቦርዱ አቀርባለሁ።»

«ቦርዱ የት ነው የሚገኝ?»

«እንደ ሁኔታው ነው።»

«እስከዚያ ችካሉ ይነቀል።»

«እሱንም አቀርባለሁ።» ከዚያ ፈገግ አለ። «ለስላሳው እየሞቀ ነው፣ ጠጡ እንጂ።»

ወጣን። ደረጃው ላይ ባለ ከበሮው «አንድ ጉንጭ ብንቀምስ ምን ነበረበት?» አለኝ። በክርኔ ጎኑን አልሁት።

አባቴ ከመንገዱ ማዶ፣ ባጃጁ አጠገብ ጥላ ሥር ይጠብቁናል። ስለ ሜዳው አልጠየቁኝም።

«ቀመስሽ?»

«አልቀመስሁም።»

«ውኃም?»

«ውኃም።»

ከንፈሬን አዩት። አስተያየቱን አወቅሁት፤ የኔው ነው። ወደ ባለ ከበሮው ዞረው «እውነት ነው?» አሉት። እሱ ባጃጁን እያስነሣ እንደ መሪጌታ ድምፁን አወፈረ። «ስለ ራሴ ተጠየቅሁ እንደሆን፣ እኔ አልቀመስሁም።» በራሱ ቀልድ እስኪያለቅስ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። 

ሜዳው ገና አልታጠረም። ልጆቹ በችካሉ መሐል ይለማመዳሉ፤ ኳስ ገመዱን ሲመታ «የኩባንያው ተከላካይ» ይላሉ። ቦርዱ አልመለሰልንም፤ የት እንደሚቀመጥም አላወቅንም። አባቴ ግን ታችኛው ደረጃ ላይ ወደ ቦታቸው ተመልሰዋል። ጁስ ቤትም ይመጣሉ፤ ጥግ ይዘው ፓፓያ ያዛሉ።

ባለፈው ቤቱ ሞልቶ መፍጫው ይጮሃል፣ እነሱም ይጮሃሉ። አጠፋሁት።

«...ጠጥታለች!»

ማን እንዳለው አልታወቀም። ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ፤ እኔም ጭምር። አባቴ ፓፓያቸውን በማንኪያ አማሰሉ፣ አማሰሉ፣ አንገታቸውንም ቀና አላደረጉም።