በባሕሩ ባቡር ላይ የያዝኩት መርዶ

ጓደኛዬ ያንን ባቡር ያየችው ፍራንክፈርት ውስጥ አብረን በምናጸዳው ቢሮ፣ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶ ነው። ግራና ቀኙ ባሕር፣ መሀሉ ላይ ባቡር። «እዚህ ላይ ሳልሄድ አልሞትም» ትለኝ ነበር። እኔ ውሃ ስለምፈራ ብዙ ጊዜ አዘገየሁት። በመጨረሻ ሴት ልጄን ይዘን ተነሣን። ሀምቡርግ ዘመድ ቤት አደርን፤ ጠዋት ወደ ሰሜን የሚሄደውን ባቡር ልንይዝ፣ ማታ ወደ ቤታችን ልንመለስ።

ጠዋት ጓደኛዬ ፊቷን ስትታጠብ ስልኬ ጮኸ። ከቤተ ክርስቲያን አንድ ሽማግሌ ናቸው። ሊቢያ የነበረው ታናሽ ወንድሟ የተሳፈረባት ጀልባ ሰጥማለች፤ እሱም አልተረፈም።

«አደራ፣ መንገድ ላይ እንዳትሰማ» አሉኝ። «ጉዞውን ብታስቀሪባት ትጠረጥራለች። ነገ ማለዳ ቤቷ ተሰብስበን እናረዳታለን።»

«እሺ አባባ» አልኩ።

ባቡሩ ውስጥ የመስኮቱን ወንበር ለጓደኛዬ ለቀቅሁላት። መጀመሪያ ሣር ላይ የተበተኑ በጎች ታዩን። ከዚያ ሐዲዱ ባሕሩ መሀል ገባ፤ በሁለቱም በኩል ውሃ ብቻ ሆነ። ፀሐይ ወጥታ ውሃው ያብለጨልጫል፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ፎቶ ያነሣል። እኔ የልጄን ጃኬት ጨምድጄ ይዣለሁ።

«ይቺ እናትሽ ባሕሩ መስኮት ሰብሮ የሚገባ ይመስላታል» አለቻት ለልጄ። ልጄ እየሳቀች በጀርመንኛ መለሰችላት፤ ማማ ሁልጊዜ እንደዚህ ናት አለች።

ጓደኛዬ ግንባሯን መስታወቱ ላይ አስደግፋ፣ «ወንድሜ ሲገባ መጀመሪያ የማመጣው እዚህ ነው» አለች።

ብርቱካን ላጥኩላት።

ቀኑ ዓርብ ነበር። እኔን ለማናደድ ብላ አይብ ያለበት ዳቦ ከቦርሳዋ አወጣች። ሥራ ቦታ ሁሌ የምንጨቃጨቀው በዚህ ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን «በጾም ምድር! አታፍሪም?» ብዬ ከእጇ እነጥቃት ነበር። ያን ቀን ግን «ብዪ፣ እንዳይርብሽ» አልኳት።

ዳቦው አፏ ጋ ሳይደርስ ቀረ።

«ምን አልሽኝ?»

የተላጠውን ብርቱካን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ሰው መርዶ ሲይዝ እንዴት እንደሚለሰልስ ታውቃለች፤ እናቷ የሞቱ ጊዜም እንዲህ ያባበልኳት እኔ ነኝ።

«ከቤቴ ነው?»

የብርቱካኑን ልጣጭ መሰብሰብ ጀመርኩ።

«እንዳትነግሪኝ። ፈረንጅ መሀል አላለቅስም። ቤቴ ስገባ» አለችና ተነሣች። «ወንበር ለውጡኝ።»

ልጄ ደስ ብሏት ወደ መስኮቱ ገባች። ጓደኛዬ ፊቷን ወደ መተላለፊያው አዞረች፤ ስንመለስም ባሕሩን አላየችውም። እስከ ፍራንክፈርት ድረስ የወንድሟን ስም አላነሣችም፤ ስልኳንም አልከፈተችም።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ፣ ከሽማግሌውና ከማኅበርተኞቹ ጋር ዞሰንሃይም ሰፈር የምትኖርበትን ፎቅ ወጣን። ሳናንኳኳ በሩ ተከፈተ። ወንበሮቹን ግድግዳ ለግድግዳ ደርድራ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች።

«አሁን ንገሩኝ» አለች።