ደፍ ላይ የምትወድቅ ሲንቄ

አዴ ጠይባ ዣንጥላ አይይዙም። የጭላሎ ዝናብ ቢወርድባቸውም በሻርፓቸው ተከናንበው ይሄዳሉ እንጂ።

ከአሰላ በላይ ባለው ሰፈራችን ምክንያቱን የማያውቅ የለም። የዛሬ ሁለት ዓመት ታላቁ ልጃቸው ከአዴ ለሊሴ ልጅ ከቢሊሱማ ጋር በገብስ ማሳ ወሰን ተጣልተው ዱላ ተማዘዙ። ሲንቄ፣ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር፣ ሴት ይዛት በጠበኞች መሃል ከቆመች ማንም እጁን አያነሳም። አዴ ጠይባ ግን ዝናብ ነበርና በጥድፊያ ያነሱት ዣንጥላውን ነው። ዣንጥላን ማን ያከብራል? ቢሊሱማ ተመትቶ እዚያው ቀረ።

ገዳዩ ታሰረ። እስር ግን ደም አያደርቅም። ጉማ የሚባለው የደም ዕርቅ እስኪፈጸም ሁለቱ ቤቶች ከአንድ ምንጭ ውሃ አይቀዱም፤ የሟች ወንድምም የገዳዩን ወንድም ገድሎ ሊበቀል ያደባል። የአዴ ጠይባ ታናሽ ልጅ ኢርሻድ ሁለት ዓመት ሙሉ ከበር አልወጣም። ሽማግሌዎች አዴ ለሊሴ ደጅ ሦስት ጊዜ ቆሙ፤ በሩ አልተከፈተም።

ከዚያ የአዴ ጠይባ ሲንቄ መውደቅ ጀመረች። ግድግዳ አስደግፈዋት ይተኛሉ፤ ጠዋት የበሩ ደፍ ላይ ተጋድማ ያገኟታል።

«አንተ ነህ የምትጥላት?» አሉት ኢርሻድን።

«እማዬ፣ እኔ እንኳን ሲንቄ መስኮቱንም መንካት ትቻለሁ። በሽቦ ልሰራት።»

ግድግዳው ላይ ካለው ምስማር ጋር አሰራት። በማግስቱ ሽቦው ሳይፈታ ምስማሩ ላይ ነበር። ሲንቄዋ ደፉ ላይ፣ ጫፏ ጭቃ ነክቶት።

አዴ ጠይባ አንስተዋት ወጡ። ጉሙ አጥር አያሳይም። ከአዴ ለሊሴ በር ደርሰው ቆሙ።

«ማነው?» አሉ አዴ ለሊሴ ከውስጥ።

«ጠይባ ነኝ።»

«ዛሬስ ዣንጥላሽን አልያዝሽም?»

«ሲንቄዬን ነው የያዝኩት።»

«ዘገየሽ።»

«ዘገየሁ።»

ከውስጥ ኮቴ ወደ በሩ ቀረበ።

«ቆዪ» አሉ አዴ ለሊሴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መጀመሪያ ላንሳት።»

«ማንን?»

«ሲንቄዬን። ስንት ጠዋት ሆነኝ፣ ደፉ ላይ ነው የማገኛት።»

«ጫፏስ?»

«ጭቃ።»

በሩ ተከፈተ። ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ ወደ ገብሱ ማሳ ወረዱ። ቢሊሱማ በወደቀበት ወሰን፣ እርጥቡ አፈር ላይ፣ ሁለት ጠባብ ቀዳዳዎች ጎን ለጎን ነበሩ። የእግር ዱካ የለም። አዴ ለሊሴ በትራቸውን በአንደኛው አቆሙ፣ አዴ ጠይባ በሌላው። ልክ ገቡ።



«ሽማግሌዎቹን ላኪልኝ» አሉ አዴ ለሊሴ። «ኢርሻድንም፣ ከምንጩ ውሃ ይቅዳ በይው።»