በኩይሳው ላይ ያዋለደችው ዶሎፊና

የምስራች! «ምስር ብይ» በሉኝና ልንገራችሁ። ተለቀቀች! ቅጣት የለም፣ ከመንደር መባረር የለም፣ ፍየሏም ከነገመዷ ወደ ቤቷ ተመልሳለች። እልል ስል ጉሮሮዬ ተሰንጥቋል። ሰው ሁሉ ከችሎቱ ተበትኖ ወደ ማሳው ሲሄድ እኔ ግን ሳልጽፈው እንዳያመልጠኝ ብዬ እዚሁ ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጫለሁ።

የማንን ነገር እንደማወራ አልነገርኳችሁም ለካ! የጎረቤቴን የዶሎፊናን ነው። የእሷን ቤትና የእኔን ቤት የሚለየው አንድ የሸንበቆ አጥር ነው፤ እኔ ስስቅ እሷ ትሰማለች፣ እሷ ስትተክዝ እኔ እሰማለሁ። ትካዜ ደግሞ ይሰማል ወይ ትሉኝ ይሆናል። የዶሎፊና ይሰማል። ከጎርፉ ወዲህ የበቆሎ ገንፎዋን ስታገነፋ ማማሰያው ድንገት ድስቱ መሃል ቀጥ ይላል። ሽታው እኔ ዘንድ እስኪደርስ ድረስ አይንቀሳቀስም።

«አረረ እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!» እላታለሁ በአጥሩ ላይ።

«ይረር» ትለኛለች።

ዶሎፊና የልምድ አዋላጅ ነበረች፤ እናቷም እንደዚያው። የዚህ መንደር ወጣት ሁሉ መጀመሪያ ያረፈው እጇ ላይ ነው። ገበያ ስትወጣ ጎረምሶቹ መንገድ ይለቁላታል፣ እሷም አንዱን ነጠል አድርጋ «አንተ በእግርህ ነበር የመጣኸው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ነገርህ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው!» እያለች ታሳፍረዋለች።

በኋላ የመንደራችን አለቃ ምፎምቤና ሸንጎአቸው ደንብ አወጡ። በቤት መውለድ ቀረ፤ ጤና ጣቢያ ሳትደርስ የወለደች ፍየል ትከፍላለች፣ ያዋለደቻትም ፍየል ትከፍላለች። ደንቡ ክፉ አልነበረም፤ የምንቀብራቸው እናቶች ቀንሰዋል፣ እውነቱን መናገር ነው። ዶሎፊናም አላጉረመረመችም። ምጥ የያዛትን ሴት ክንዷን ይዛ እስከ ጤና ጣቢያው በር ታደርስና ትመለሳለች። ነርሶቹ «ግቢ እንጂ» ቢሏት እንኳ አትገባም። «እጄን አስሬዋለሁ» ትላቸዋለች፤ «አንዴ ከፈታሁት መልሼ ማሰር አይሆንልኝም።»

ጎርፉ የመጣው በቆሎው ዘንድሮ ይዟል ብለን ደስ ባለን ሰሞን ነው። ወንዛችን ሺሬ ከዳርቻው ወጥቶ መንገዱን ዋጠው፣ ድልድዩን ይዞት ሄደ። እኛ የቀናን ጥጥ ማሳው መሃል ያለው ትልቁ ኩይሳ ላይ ወጣን። እኔ፣ ዶሎፊና፣ ከውሃ አፍ የነጠቀቻት አንዲት ፍየሏ፣ የማን እንደሆኑ ያልታወቁ ዶሮዎች፣ እንዲሁም ላይሰንና ቀኗ የደረሰው ሚስቱ ኤስናት። ኤስናትን ምጡ እዚያው ያዛት።

«አማይ ዶሎፊና፣ ይድረሱልኝ!» አለች፤ እኛ ዘንድ ትልቅ ሴት «አማይ»፣ እናቴ፣ ነው የምትባለው።

«ታንኳ ይመጣል ልጄ። እስከዚያ ያዝ አድርጊው።»

«ምኑን ነው የምይዘው? ሽንት መሰለዎት እንዴ!»

ላይሰን መሃል ገባ። «አማይ፣ ቅጣቱን እኔ እከፍላለሁ፤ ሁለቱንም ፍየል እኔ!»

«አንተ ዝም በል! ፍየሎችህን ውሃ ወስዷቸው የምን ፍየል ነው የምትሰጠው?» አለችውና እጅጌዋን ሰብስባ ተንበረከከች። እኔ ከላያቸው ሽርጥ ዘርግቼ ዝናቡን ያዝኩላቸው።

ልጅቷ መጣች። አለቀሰች፤ እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ ላይሰን ሳያይ ዶሮ ላይ ተቀመጠ። ዶሎፊና ከሽርጧ ክር መዝዛ እትብቱን አሰረች፣ በላይሰን የጢም ምላጭ ቆረጠችው። የቀረው እንግዴ ልጁ ነበር። እንግዴ ልጅ ደግሞ ጊዜውን ጠብቆ ነው የሚወጣው፤ አይጎተትም፤ ይህን ከዶሎፊና የተሻለ የሚያውቅ የለም። ያን ጊዜ ታንኳ ብቅ አለ። ቀዛፊው ገና ከሩቅ «ፍጠኑ! ሌላም ሰው እየጠበቀኝ ነው!» እያለ ይጮሃል። ዶሎፊና ታንኳውን አየች። ውሃውን አየች። እንግዴ ልጁን ሳበችው።

ከዚያ በኋላ ደሙ አልቆም አለ። ኤስናት በታንኳ፣ ከታንኳ በጭነት መኪና ከተማ ሆስፒታል ደረሰች። ነፍሷ ተረፈ፤ ማህፀኗ ግን ወጣ። ልጅቷ ደህና ናት፤ ግን ሌላ ልጅ አይኖርም።

ላይሰን ከሆስፒታል እንደተመለሰ መጀመሪያ ያደረገው ሳሙና ይዞ ዶሎፊና ቤት መሄድ ነው። ልጅ የተቀበለ እጅ አባትየው ባመጣው ሳሙና ካልታጠበ ልጁ ዕድሜ ልኩን «ያልታጠበ» ሲባል ይኖራላ!

«ምን አድርጌልህ ነው ሳሙና የምታመጣልኝ?» አለችው።

«አማይ፣ ልጄን አያሰድቡብኝ።»

ተቀበለች። ስትታጠብበት በአጥሩ ቀዳዳ አይቻታለሁ፤ እንደዚያ እጁን ሲፈትግ ያየሁት ሰው የለም።

ብዙም ሳይቆይ የላይሰን ታላቅ ወንድም ጃስተን ክስ አቀረበ። ለኤስናት ጥሎሽ የሄዱትን ከብቶች የነዳው እሱ ነው፤ ስለዚህ «የወንድሜን ቤት ዘጋችው» ይላል። ደንብ ስለጣሰች ፍየል ትክፈል፣ ማህፀን ስላጠፋች ከመንደር ትውጣ አለ። የት ትሂድ? ባሏ የተቀበረው እዚህ፣ ያዋለደቻቸው ልጆች ያሉት እዚህ።

ግን እኮ ሕግ ነበራት! ከጎርፉ በኋላ ሸንጎው አዲስ ደንብ ጨምሯል። በውሃው ቀን ተንኮል ሳይኖረው፣ ሳይከፈለው፣ በበጎ ፈቃዱ ሰው ለማዳን የተነሳ፣ በዚያ መሃል ላደረሰው ጥፋት አይጠየቅም የሚል። ይህን ያመጣው የታንኳዎቹ ነገር ነው። ልጆች የሰው ታንኳ ፈትተው ስንቱን ከዛፍ ላይ ካወረዱ በኋላ ባለታንኳዎቹ «ታንኳችንን ሰበራችሁ» ብለው ሊከሷቸው ሲነሱ፣ አለቃ ምፎምቤ «እንዲህ ከሆነ በሚመጣው ጎርፍ ዳር ላይ ቆመን እርስ በርስ ስንሰምጥ መተያየት ነው» አሉ። ስለዚህ ዶሎፊና ዝም ካለች አለቀ።

«አፍሽን ዘግተሽ ተቀመጪ» አልኳት። «ሕጉ ራሱ ይናገርልሻል።»

«እሺ» አለች። የዶሎፊናን እሺ አትመኑ።

ዛሬ ጠዋት ፍየሏን እየጎተተች መጣች።

«ይህቺ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው የመጣችው?»

«ዕዳዬ ናት።»

«እስኪፈረድብሽ ጠብቂ እንጂ!»

«እኔ ፈርጄ ጨርሻለሁ» አለችና የፍየሏን ገመድ ከበረንዳው ምሰሶ ጋር አሰረች።

ችሎቱ የተቀመጠው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው፤ የአለቃውን ዳስ ውሃ ወስዶታል። ጃስተን ክሱን ተናገረ። አለቃው አዲሱን ደንብ ለሁላችንም አስታወሱና ወደ እሷ ዞሩ። «ያዘዘሽ አልነበረም፣ ያስገደደሽም አልነበረም፤ ይህን ሰምተናል። ተከፍሎሽ ነበር ወይ?»

ላይሰን ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። እኔ ከኋላ ሆኜ አንገቴ እስኪቀጭ «አይ በይ» እያልኩ ራሴን ወዘወዝኩላት።

«ሳሙና ተቀብያለሁ» አለች።

ቤቱ ተናጋ። ጃስተን ከአግዳሚው ተስፈንጥሮ «ሰማችሁ! ተከፍሏታል! የተከፈለው ሰው በጎ ፈቃደኛ አይባልም፤ ቅጥረኛ ነው!» አለ። በደንቡ ቃል ከሄድን እኮ ልክ ነው።

አለቃው ጸጥታ እስኪሆን ጠበቁ። «ጃስተን፣ የመጨረሻ ልጅህ ጤና ጣቢያ ሲወለድ ለነርሷ ሳሙና ወስደሃል?»

«ወስጃለሁ እንጂ! የማን ልጅ አደረጉኝ?»

«እሷ ደመወዝ አላት። ለምን ወሰድክ?»

«ልጄ ያልታጠበ እንዳይባልብኝ ነዋ።»

«እና ሳሙናው ለነርሷ ነበር ወይስ ላንተ?»

ከሸንጎው አንዲት አሮጊት «የተረፈ ካለ አፉን ይታጠብበት!» ስትል ሕፃናቱ ሳይቀሩ ሳቁ። «ሳሙናው የአባት ግዴታ እንጂ የአዋላጅ ዋጋ አይደለም» አሉ አለቃው። «ዶሎፊና በደንቡ ጥላ ሥር ናት።»

እልል ልል አፌን ስከፍት ዶሎፊና እጇን አነሳች።

«አልጨረስኩም። ሁሉም ሰው ውሃው ሊደርስባት ስለነበር ቸኮለች ይላል። እኔም ዝም ብዬ ስሰማ ከርሜያለሁ። ውሃው ገና ከኩይሳው ወገብ በታች ነበር፤ ጊዜ ነበረኝ። የሳብኩት ታንኳው ጥሎኝ እንዳይሄድ ነው። ለእሷ ብዬ አይደለም። ለራሴ ፈርቼ ነው።»

ጃስተን ራሱ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ያይ ጀመር። እኔ እዚያ ነበርኩ፣ ውሃውንም አይቻለሁ፤ ልክ ናት፤ ከወገቡ በታች ነበር።

«ልትጎጂያት አስበሽ ነበር?» አሉ አለቃው።

«የለም።»

«ጠጥተሽ ነበር?»

«ምን? የጎርፍ ውሃ?»

«ደንቡን ስናወጣ ‹ያልፈራ› የሚል ቃል አልጨመርንበትም። ውሃ መሃል ቆሞ ያልፈራ ሰው እኔ አላውቅም። ነፃ ነሽ።»

«ነፃ አይበሉኝ። ፍየሏን ይውሰዱልኝ።»

«አልወስድም።»

«ኧረ ይውሰዱልኝ እላለሁ! ትንሽ ይቅለለኝ።»

«ላንቺ እንዲቀልሽ ብዬ ፍየልሽን ብቀበል፣ በሚመጣው ጎርፍ ማን እጁን ይዘረጋል? ውሃ ላይ ምጥ የሚይዛትን ማን ሊደርስላት ነው?» አለቃው ተነሱ። «ሂጂ። ፍየልሽንም ይዘሽ ሂጂ። ሌላው ሸክምሽ ከዚህ ችሎት በላይ ነው፤ እሱን የማነሳበት ደንብ የለኝም።»

ያኔ ነው እንደ ልቤ እልል ያልኩት። ዶሎፊና ግን ልክ እንደተፈረደበት ሰው ነው የወጣችው። በረንዳው ላይ ኤስናት ልጇን አዝላ ቆማ ነበር። ዶሎፊና ሄዳ ፊቷ ተንበረከከች፤ ሽማግሌ ለወጣት እንዲህ ሲያደርግ እኛ ዘንድ አይታይም፣ ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረ።

«ለራሴ ፈርቼ እንደነበር አታውቂም ነበር፣ ልጄ።»

«አውቅ ነበር» አለች ኤስናት። «የሚንቀጠቀጠው እጅዎ የነበረው እኔ ላይ አይደል?» ልጇን ጀርባዋ ላይ አስተካከለች። «አማይ፣ ይቅር ብያለሁ ብዬ አልዋሽዎትም። አልቅሼ አልጨረስኩም። ግን እጅዎን አጣጥፈው ተቀምጠው ቢሆን ዛሬ የሚያለቅሰው ላይሰን ነበር፤ ለሁለታችን። በሉ ይነሱ፤ ፍየልዎ የመምህሩን ጎመን ጨረሰችው።»

እውነትም ፍየሏ ገመዷን ፈትታ አትክልቱ ውስጥ ገብታለች። ዶሎፊና ይዛት በመንገዱ ሄደች። ተከትዬ «ቆይ እንጂ፣ አብረን እንሂድ! ዛሬ እኮ የደስታ ቀን ነው!» አልኳት። ዞር ብላ «አንቺ እልል በይልኝ። እኔን አልወጣ አለኝ» አለችኝ። ለሁለታችንም እልል አልኩ።

ኤስናት ይቅር አላለቻትም። ዶሎፊናም ራሷን ይቅር አላለችም። እኔ ይህን የማስተካክልበት ቃል የለኝም፤ በቃ እንዲሁ ነው። ነገር ግን ሕጉ ጸንቷል፤ ሳሙና የተቀበለም፣ የፈራም፣ ሕጉ ጥላው ሥር ያስገባዋል። ይህን ደግሞ ዛሬውኑ መስማት ያለባት ሰው አለች። ከወንዙ ማዶ፣ ዓሣ የሚደርቅበት ሰፈር ያለች ፋይሌሲ የምትባል ሴትም እንደ ዶሎፊና የልምድ አዋላጅ ነበረች። ዶሎፊና ከተከሰሰች ጀምሮ «ሰው ዓይኔ እያየ ቢወድቅ አልነካም» ብላ ምላለች፤ እዚያ ሰፈር ደግሞ ሦስት እርጉዞች አሉ፣ በተራራው ላይም ደመናው ጠቁሯል። አሻጋሪው ሳይሄድብኝ ልድረስ። ጫማዬን ማን ወሰደው? ይቅር፣ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ።