መጥረቢያው እንደተነሳ ቀረ

ልጅ ሳለሁ፣ እናቴ ከሥራ እስክትመለስ የምቆየው ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በጋሼ ሰይድ የቅመማ ቅመም ሱቅ ውስጥ ነበር፤ እዚያም የሽሮ ከረጢት ላይ ተቀምጬ አንድን ፊልም ሦስት ዓመት ሙሉ ሰማሁ። አየሁ አላልኩም፣ ሰማሁ ነው ያልኩት። ቴሌቪዥን አልነበረም፣ ካሴትም አልነበረም፤ የነበረው ጋሼ ሰይድና አፉ ብቻ ነው። ታሪኩን መቶ ጊዜ ነግሮኝ መቶ ጊዜ በተለያየ መንገድ ጨረሰው። ዛሬ ሠላሳን አልፌ እንኳ ነገሩ ትዝ ሲለኝ ከሳቄ በፊት ንዴቴ ይቀድማል።

ጋሼ ሰይድ የኮምቦልቻ ሰው ነው። በወጣትነቱ እዚያ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ሥራው ደግሞ ዘንግ ይዞ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ የፈረንጁን ፊልም ለተመልካቹ በአማርኛ መተረክ ነው። እንግሊዝኛው፣ ራሱ እንደሚለው፣ «በር ለማንኳኳት ያህል» ነበር። የተዋናዩን ፊት ያያል፣ እጁን ያያል፣ የቀረውን ከራሱ ይሞላል። ያኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ተሳስተሃል የሚለው ሰው አልነበረም፤ ፊልም ማለት ሰይድ የተናገረው ነው። ችግሩ ይህን ልማዱን ሎስ አንጀለስ ድረስ ይዞት መምጣቱ ነው።

ፊልሙ በጥንት ዘመን ከየብስ እጅግ በራቀች የባሕር ደሴት ላይ ስለኖሩ ሰዎች ነው። የላይኛውና የታችኛው የሚባሉ ሁለት ወገኖች አሉ። የላይኛው ወገን አለቃ በየዓመቱ ካምናው የሚበልጥ የድንጋይ ምስል ይቁምልኝ ይላል፤ የታችኛዎቹ ይጠርባሉ፣ ይጎትታሉ። ድንጋዩ የሚንከባለለው በግንድ ላይ ስለሆነ ደሴቲቱ ዛፏ እያለቀ ትራቆታለች፤ በመጨረሻም አንዲት ዛፍ ብቻ ትቀራለች። ከታችኛው ወገን የሆነ አንድ ጎረምሳ ድንጋይ ጠራቢ የአለቃውን ልጅ ይወዳታል፤ በዚያች ዛፍ ጀልባ ሠርቶ ይዟት ሊሄድ አስቧል። አለቃው ደግሞ ዛፏን ለመንከባለያ ይፈልጋታል። ሁለቱ ወገኖች ዛፏን ከበው ይፋጠጣሉ፣ መጥረቢያ ይነሳል።

ልክ እዚህ ላይ ጋሼ ሰይድ ይነሳና የሱቁን መብራት ያጠፋል።

ኮምቦልቻ ፊልሙን ሲያሳይ መብራት የጠፋው እዚህ ቦታ ላይ ነበር አሉ። «ኩራዝ አብርተን ጨረስነው» ይለኝ ነበር። ስለዚህ እኔም እንደዚያው በጨለማ መስማት አለብኝ። ከመስኮቱ የሚገባው ቀይ የማስታወቂያ መብራት የበርበሬውን ከረጢቶች ፍም አስመስሏቸው፣ የቅመሙ ብናኝ አፍንጫዬን እየበላኝ፣ እሱ ትንሽ ባትሪ አገጩ ሥር አብርቶ፣ ጥላው ከጣሪያው ሲደርስ ያኔ እውነት ለመናገር ትንፋሼ ቁርጥ ይል ነበር። ከመደርደሪያ ጀርባ ኮረሪማ የሚፈልግ ገበያተኛ ካለ በዳበሳ ይፈልግ። መብራት አብራ ያለው ሰው እስኪጨርስ ጠብቅ ይባላል።

ጨርሶ ሲያበቃ ግን ደሜ ይፈላል። አንድ ቀን ጎረምሳው ጀልባውን ሠርቶ ከልጅቷ ጋር ይሄዳል። ሌላ ቀን ልጅቷ መጥረቢያውን ነጥቃ ባሕር ውስጥ ትወረውረዋለች። ጠዋት የፓርኪንግ ቅጣት ወረቀት ያገኘ ቀን ደሴቲቱ ላይ አንድ ነፍስ አይተርፍም። በረመዳን፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የተነገረ እንደሆነ፣ ታሪኩ ሁልጊዜ በድግስ ያልቃል። «አንዱን ምረጥ እንጂ! የትኛው ነው እውነተኛው?» ስለው፣ ሁሉም እውነት ነው ብሎ ሚዛኑን መወልወል ይጀምራል። እናቴን የሚያናድዳት ደግሞ ሌላ ነበር፤ በአባቷ ዕድሜ ያለውን ሰው አንተ እያልኩ መጨቃጨቄ።

ከዚህ ሁሉ መለዋወጥ መሀል አንድ ነገር ብቻ አይለወጥም ነበር፤ ሰዎቹ ድንጋዩን የሚጎትቱበት ምክንያት። ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። ጋሼ ሰይድ ለዚህ ማስረጃ አያስፈልገውም። በእሱ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ ተሸክሞ የተበደለው ሰው ደጅ ይሄዳል፣ አጎንብሶም አውርድ እስኪባል ይቆማል። እንግዲህ ሰው እንዲህ ያለ ቋጥኝ ከጎተተ በደሉም የዚያኑ ያህል ነው ማለት ነው። ታሪኩ ውስጥ ጋቢ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎችም ነበሩ፤ ዋርካ ሥር ተቀምጠው ማን ማንን እንደበደለ ያጣራሉ። ባሕር መሀል ባለች ደሴት ጋቢ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም። ልጅ ነበርኩ፤ አመንኩት።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ መምህራችን ስለ ጥንት የደሴት ሰዎች አኗኗር እየተነሳን እንድንናገር አዘዘችን። በደንብ የተናገሩ አሥር ልጆች በመርከብ ደሴት ለማየት ይሄዳሉ። እኔ ባሕሩን ከዳር እንጂ ከመሀሉ አይቼው አላውቅም፤ እናቴ ዌስትቼስተር ሆቴል ውስጥ እሑድ ሳይቀር ስለምትሠራ ማን ይወስደኛል? ስለዚህ ይህቺን ጉዞ እንደ ነፍሴ ፈለግኳት። መጽሐፍ መግለጥ ግን ምን በወጣኝ! ሦስት ዓመት የተማርኩት ጉዳይ ነው።

ተነሳሁና አወረድኩት። ድንጋዩን የሚጎትቱት ለይቅርታ እንደሆነ፣ የበለጠ የበደለ የበለጠውን እንደሚጎትት፣ ጉዳዩን ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው እንደሚዳኙ ነገርኳቸው። የጋቢውንም አለባበስ በሹራቤ አሳየሁ። መጀመሪያ ከኋላ አንድ ልጅ ሳቀ፣ ቀጥሎ ክፍሉ በሙሉ። መምህርቷ በለሰለሰ ድምፅ ምስሎቹ የአባቶቻቸው መታሰቢያ መሆናቸውን አስረዳችና ይህን ከየት እንዳገኘሁት ጠየቀችኝ። ፊልሙን ካየ ሰው አልኩ። የፊልም ባለሙያ ነው ወይ አለች። በርበሬ ነው የሚሸጠው አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ባልናገር ይሻላል። በመርከቡ የሄዱት አሥር ልጆች ሲመለሱ ዶልፊን አይተው ነበር።

የዚያን ቀን ሱቁ ስገባ ጋሼ ሰይድ እትዬ ዘነበች ለምትባል ደንበኛው በርበሬ እየመዘነ ነበር። ቦርሳዬን እንኳ አላወረድኩም።

«አንተ ውሸታም ነህ» አልኩት። «ፊልሙንም አላየኸውም።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጭልፋውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ የእትዬ ዘነበችን በርበሬ አስሮ ሰጣት፤ እሷም ዓይኗን ከእኔ ሳታነሳ ወጣች። በማግስቱ እንደ ወትሮው ዳቦዬን በወረቀት ጠቅልሎ የሽሮው ከረጢት ላይ አስቀመጠልኝ። ታሪክ ግን የለም። በሦስተኛው ቀንም የለም። በአራተኛው ቀን ምነው መብራቱን ባጠፋው ብዬ ተመኘሁ፤ እሱ ግን ዝም ብሎ መደርደሪያ ያጸዳል። ሦስት ዓመት የጨቀጨቅኩት ሰው አፉን ሲዘጋ ሱቋ እንዴት እንደሰፋችብኝ!

እትዬ ዘነበች ነገሩን ለእናቴ አድርሳው ኖሯል። እናቴ አልጮኸችም።

«ሶ፣ ጋሼ ሰይድን ነው ውሸታም ያልሽው? እዚያው ሱቁ ውስጥ፣ ከስተመር ፊት?» አለችኝ። «ኦኬ። ነገ ኦፍ ነኝ፤ ራሴ ድራይቭ አድርጌ እወስድሻለሁ። ድንጋይ ፈልጊ።»

እናቴ ጴንጤ ናት፤ ይቅርታ በቃልና በጸሎት የሚያልቅ ነገር እንደሆነ ነው ያስተማረችኝ። አባቷ ግን ድንጋይ ተሸክሞ ሲሄድ በልጅነቷ አይታለች፤ ጋሼ ሰይድም የሚገባው በዚያ ነው አለች። በሎስ አንጀለስ ድንጋይ መፈለግን የሞከረ ያውቀዋል፤ ከተማው ሁሉ ሲሚንቶ ነው። ከግቢያችን አንዲት ጠጠር ባመጣ ይቺ ለትንኝ ይቅርታ ነው ብላ መለሰችኝ። በመጨረሻ ከፓርኪንጉ ጀርባ፣ ከአበባው ሥር፣ የእንጀራ ሊጥ ማቡኪያ የሚያህል አንድ ነቅዬ አመጣሁ። መኪናው ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ፌርፋክስ ላይ ፓርክ የምናደርግበት ቦታ ፍለጋ አራት ጊዜ ስንዞር ድንጋዩ ጭኔን አደነዘዘው። ያገኘነው ደግሞ ሁለት ብሎክ ርቆ ነው። ያንን መንገድ ድንጋይ ማጅራቴ ላይ ጭኜ፣ አንገቴን ሰብሬ፣ የሰው ጫማ ብቻ እያየሁ ሄድኩት። አንዱ ፈረንጅ ልጅቷ ደህና ናት ወይ ብሎ እናቴን ጠየቃት። ደህና አይደለችም፣ ልትድን ነው አለችው።

ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆምኩ። ምን እንደሚባል አላውቅም ነበር። እናቴ ከኋላዬ፣ «ጋሼ ሰይድ፣ ልጅ ናት፣ ይማሯት» አለች። የእሱ ጫማ ከውስጥ ሲመጣ አየሁ፤ ቆመ። ከዚያ ድንጋዩ ቀለለኝ፤ በሁለት እጁ ያነሳው እሱ ነበር።

«አውፍ ብያለሁ» አለ፤ በአገሩ አነጋገር ይቅር ብያለሁ ማለቱ ነው። «ቀና በይ፣ ቤተል።»

እናቴ ሄዳ መኪናዋን እስክታመጣ የሽሮው ከረጢት ላይ አስቀመጠኝና እሱም ፊት ለፊቴ ተቀመጠ። ያኔ ያለኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

«የሰደብሽኝ ግማሹ እውነት ነው። መጥረቢያው እንደተነሳ መብራት ጠፋ። አርባ ሰው በጨለማ ተቀምጦ ቆረጧት ወይ ይለኛል። ኩራዝ አብርቼ ከራሴ ጨረስኩላቸው። በማግስቱ ባለካሴቱ ካሴቱን ይዞ ከከተማ ወጣ። መጨረሻውን እስከ ዛሬ አላየሁትም።»

ቴሌቪዥን በኩራዝ እንደማይሠራ ሦስት ዓመት ሙሉ አለማሰቤ! እሱ ግን ገና አልጨረሰም ነበር። አንቺ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ፣ አድገሽ ፈልጊውና መጨረሻውን ንገሪኝ፣ አደራ አለኝ። እሺ አልኩ። ድንጋዩን የሱቁ በር እንዳይዘጋ ማስደገፊያ አደረገው።

ለልጅ እሺ ማለት ቀላል ነው። የፊልሙን ስም አያውቅም፤ ካሴቱ ላይ የተጻፈው የባለቤቱ ስም ነበር። የተዋናዮቹንም አያውቅም። ሱቁን ሸጦ ከተራራው ማዶ፣ ሸለቆው ውስጥ፣ ቫን ናይስ የሚባል ሰፈር ልጁ ዘንድ ከገባ በኋላ ደግሞ ሥራ ፈታና ስልክ ያዘ። እኔ ሚራክል ማይል የሚባል ሰፈር ቢሮዬ ውስጥ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ስልኬ ይንቀጠቀጣል፤ «አገኘሽው?» ነው። ደህና ነሽ ወይ የለ፣ እናትሽስ የለ። ሳገባ ደውሎ እንኳን ደስ አለሽ ካለ በኋላ፣ ባልሽ ፊልም ይወዳል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ጨጓራዬን ልጦታል ብል ውሸት አይደለም።

ባለፈው በጋ ግን አገኘሁት። አሮጌ ፊልም የሚወዱ ሰዎች የሚጻጻፉበት ገጽ ላይ ታሪኩን ከነዛፏ ዘርዝሬ ብጽፍ አንድ የማላውቀው ሰው ስሙን ነገረኝ። ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ስሙን ያነበበ ሰው ፊልሙን ሊያይ ይነሳና ሁለት ሰዓቱን ያባክናል። ላየው ተቀመጥኩ። መጥረቢያው ሲነሳ መብራት አልጠፋም። እስከ መጨረሻው አየሁት፣ አንጀቴም አረረ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በፍሪዌዩ መጨናነቅ አንድ ሰዓት ተኩል ነድቼ ቫን ናይስ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። የሸለቆው ፀሐይ ዓይኑን ስለሚያመው መጋረጃው ተዘግቶ መብራት በርቷል። ከስቷል፤ እጁ አልጋው ላይ ቀሎ ተቀምጧል። አገኘሁት ስለው ለመቀመጥ ሞከረ፤ ትራሱን ደገፍኩለት።

«ቆረጧት?»

«ቆረጧት ጋሼ።»

«ጀልባዋስ?»

«ጀልባ የለም። ድንጋዩን አንከባለሉባት፤ መንገድ ላይ ድንጋዩም ተሰበረ። ሁሉም እዚያው ቀሩ።»

መዋሸት እችል ነበር፤ ጀልባ ሠርቼ ጎረምሳውንና ልጅቷን መሸኘት እችል ነበር። ግን አደራው መጨረሻውን እንድነግረው እንጂ እንዳሳምርለት አልነበረም።

«እሺ» አለ በመጨረሻ፣ «ይቅርታውስ?»

«ማንም አልጠየቀም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ድንጋይ ሲጎትቱ አንድም ሰው ይቅርታ አልጠየቀም።»

ግንባሩን ቋጠረ። ልክ ሱቁ ውስጥ ሚዛን የተጭበረበረ ሲመስለው እንደሚያደርገው አየኝ።

«እንግዲያው አላለቀም» አለ። «መብራቱን አጥፊው።»

ሃያ ዓመት ፈልጌ፣ ፍሪዌይ ላይ ተንጨርጭሬ፣ መጨረሻውን ይዤለት ብመጣ መጨረሻውን አልቀበልም አለ። ተነስቼ አጠፋሁት። ከዚያ በደከመ ድምፁ፣ መጥረቢያው እንደተነሳ፣ ሁለቱ ወገኖች እንደተፋጠጡ፣ ሰው መሀል ጫማ ብቻ እያየች የምትመጣ አንዲት ትንሽ ልጅ እንደነበረች ነገረኝ። ማጅራቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማለች፤ ድንጋዩ ከእሷ ይበልጣል። ከመቶው መጨረሻ በአንዱም ይህቺ ልጅ ኖራ አታውቅም። እሷን ሲያይ መጥረቢያውን ያነሳው ሰውዬ እጁ ከበደው አለኝ፣ አወረደው።

የፊልሙን መጨረሻ ካየሁት ዓመት አልሞላኝም፤ ከወዲሁ እየደበዘዘብኝ ነው። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የሰማሁት ግን እንዳለ አለ። ድንጋዩ ከእኔ አይበልጥም ነበር፤ ላርመው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከዚያ ተውኩት።