ስድስት ሰዓት ወደኋላ

አዳማ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። አንድ ጊዜ የሕሙማን መዝገብ በስህተት ከጠፋብን በኋላ አለቃዬ ሁለተኛ ሰርቨር እንዳዘጋጅ አዘዘኝ፤ ዋናው ላይ የተጻፈውን ሁሉ ስድስት ሰዓት አዘግይቶ የሚገለብጥ። ዋናው ላይ ጥፋት ቢደርስ ይኼኛው ገና ስላልሰማ ከእሱ እንመልሳለን።

ሰርቨሮቹ የሚቆጥሩት በፈረንጅ ሰዓት ነው። ሁለተኛው ስድስት ሰዓት ወደኋላ ሲቀር ግን የሚያሳየው ቁጥር ከግድግዳችን ሰዓት ጋር ልክ ይገጥማል። ባልደረቦቼ «ሐበሻው» እያሉ ይስቁበታል። እኔን ግን ይቀፈኝ ነበር። ያለፈውን ይዞ አሁን ነኝ ይላል።

የሞከርኩት ዕለት፣ ንጋት ላይ ያረፈች የአንዲት ወጣት መዝገብ ከፈትኩ። ዋናው «ሞታለች» ይላል። የዘገየው «ተኝታ በመታከም ላይ» ይላል። ነርሷ ሌሊት የመዘገበችው የልብ ምት ገና እየገባ ነበር።

አባቷ የአስከሬን መውጫ ወረቀት ሊያሳትሙ ወደ እኔ ተላኩ፤ የሚሠራው ፕሪንተር እኔ ጋ ነው። ከሞጆ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ሽማግሌ ናቸው፤ ሲደርሱ አልፋ ነበር። የዘገየው መዝገብ ስክሪኑ ላይ ክፍት ነበር፤ ስሟን አይተው ቀስ እያሉ አነበቡ። ከዚያ የእጅ ሰዓታቸውን ተመለከቱ። አራት ሰዓት ከአርባ። ስክሪኑም 4:40 ይላል።

«ልጄ፣ አለች እኮ» አሉኝ ዝግ ብለው።

ይኼ ያለፈው ሌሊት መሆኑን፣ ትንሽ ቆይቶ ስክሪኑም «ሞታለች» እንደሚል እንደምንም አስረዳኋቸው። ገባቸው። ግን ወረቀቱን ትተው ወንበር ስበው ተቀመጡ። አዲስ የልብ ምት ገባ፤ ከፊተኛው ያነሰ። ክፍሉ ውስጥ ሦስት የሆንን መሰለኝ።

እዚህ ላይ ማቆም ይቻል እንደሆነ ጠየቁኝ። ይቻላል፤ መገልበጡን የምታቆም አንዲት ትዕዛዝ ናት። አልዋሸኋቸውም። ትዕዛዙን ጽፌ ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍኩ። ፈርቼ ነበር፤ ቢሉኝ ግን አደርገው ነበር፤ አለቃዬ የፈለገውን ይበል።

ስክሪኑን ብዙ አዩት። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«ተወው። ሌሊቱን ስትሰቃይ ነው ያደረችው አሉኝ። እዚያ ላይ አታቁማት።»

እጄን አነሳሁ። ያን ሌሊት ያልደረሱላት አባት፣ እስክታርፍ ድረስ አጠገቧ ተቀመጡ።